የመኝታ መኪናዎ ኮንቨርተር አርጅቷል? ለጎጃም መብራትና መንገድ የሚሻለው የትኛው ነው

ባለፈው ክረምት አንድ የመስክ ሥራ መኪና ባሕር ዳር ወዳለው ጋራዣችን ገባ። ከኋላው አልጋ፣ ትንሽ ፍሪጅና የውሃ ፓምፕ ተገጥሞለታል። ሾፌሩ «ባትሪው በስምንት ወሩ ሞተብኝ፤ ሌላ ልግዛ ነው» አለኝ። የባትሪውን ክዳኖች ስከፍት ውሃው ከፕሌቶቹ በታች ወርዷል፣ ተርሚናሉ ላይ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ ነገር ተጋግሯል። መኪናውን ከሶኬት አገናኝቼ በቴስተር ስለካ 15.1 ቮልት አሳየኝ። ከሦስት ሰዓት በኋላም ያው 15.1 ነው። ባትሪውን የገደለው ኮንቨርተሩ ነበር። አዲስ ባትሪ ቢገዛ ኖሮ እሱንም እንዲሁ ቀቅሎ ይጨርሰው ነበር።

ኮንቨርተር የምንለው ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12 ቮልት ቀይሮ መብራቱንና ፓምፑን የሚያሠራውን፣ ባትሪውንም ቻርጅ የሚያደርገውን ዕቃ ነው። ኢንቨርተር ሥራው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ከባትሪው 12 ቮልት 220 ያወጣል። ገበያ ላይ ስማቸው ስለሚቀላቀል፣ ሲገዙ የሚጠሩበትን ትተው ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ኢንፑትና አውትፑት ያንብቡ።

አሮጌውን አስጠግኖ መቀጠል ይቻላል? ከባዱ፣ እምም እያለ የሚጮኸው ባለ ትራንስፎርመር ዓይነት ከሆነ ጥገናው ቀላል ነው። ዳዮድ ወይም ማራገቢያ ቢቃጠል ደብረ ማርቆስም ሆነ እንጅባራ የሚቀይርልዎ ባለሙያ አያጡም። የኃይል መቆራረጥንም ከብዙ አዳዲስ ዕቃ በተሻለ ይችላል። ድክመቱ ቻርጅ አደራረጉ ላይ ነው። ደህናው እንኳ ከ13.8 ቮልት ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። 13.8 ለባዶ ባትሪ ያንሳል፣ ስለዚህ አሞላሉ ይዘገያል፤ ለሞላ ባትሪ ደግሞ ሳምንታት ተሰክቶ ከቆየ ይበዛል፣ ውሃውን ያተናል። ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ የሌለው ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ መብራት ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፣ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። መኪናው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚሰካ ከሆነና በየወሩ የባትሪ ውሃ የሚያይ ሰው ካለ ያስጠግኑት። ከዚያ ውጭ ለጥገናው የሚያወጡት ገንዘብ ለአዲሱ ቢቆጠብ ይሻላል።

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ባለ ሦስት ደረጃ ስዊቺንግ ኮንቨርተር ነው፤ በከባዱ የብረት ትራንስፎርመር ፋንታ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራውን ማለቴ ነው። ባትሪው ባዶ ሲሆን ወደ 14.4 ቮልት ከፍ ብሎ ይሞላዋል፣ እየሞላ ሲሄድ ወደ 13.6 ይወርዳል፣ ሳይነካ ሲቀመጥ ደግሞ 13.2 ላይ ያሳርፈዋል። እነዚህ ቁጥሮች እንደ አምራቹ ትንሽ ይለያያሉ፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። ክብደቱ የአሮጌውን ሲሶ አያክልም፤ ድምፁም የማራገቢያው ብቻ ነው።

ከእነዚህ መካከል ሲመርጡ ከአምፔሩ በፊት የኢንፑት ቮልቴጁን ይዩ። አውሮፓ የተሠሩት ብዙዎቹ ከ180 አካባቢ እስከ 265 ቮልት ድረስ ይሠራሉ። ከ210 በታች ሲሆን የሚያቆም ርካሽ ዕቃም ይሸጣል። ከከተማ ራቅ ባለ ቦታ፣ ሁሉም ምጣድ በሚሰካበት የምሽት ሰዓት፣ ራሴ 185 ቮልት ለክቻለሁ። ባለ 210ሩን የገዛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ አድሮ ጠዋት ባትሪውን እንደነበረ ያገኘዋል። ስታቢላይዘር መጨመር ይቻላል፤ ግን እሱም ክብደት ነው፣ እሱም ቦታ ይይዛል።

አምፔሩን ከባትሪዎ ጋር ያዛምዱት። ለተራ የአሲድ ባትሪ ከአቅሙ ከ10 እስከ 20 በመቶ ጥሩ ነው፤ 200 አምፔር ሰዓት ከሆነ ከ20 እስከ 40 አምፔር ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ትልቅ ገዝቶ መኩራት ባትሪውን ማሞቅ ነው። ደግሞም ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አንድ ጊዜ 60 አምፔር የሚል ዕቃ ገዝቼ ክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ሳስገባበት ከ28 አላለፈም። ገንዘቡ የደንበኛዬ ነበርና እስከዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ሱቁ ውስጥ ባዶ ባትሪ ላይ ሳላስሞክር አልከፍልም። እርስዎም አያፍሩ፣ ይጠይቁ።

ኢንቨርተርና ቻርጀር በአንድ ላይ የያዘው ምቹነቱ አያከራክርም። መብራት ሲጠፋ ራሱ ወደ ባትሪ ይቀይራል፣ ሲመጣም ይመለሳል፤ ላፕቶፕ ሳይጠፋብዎ ሥራዎን ይቀጥላሉ። ነገር ግን 1,000 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ለመሳብ ከ90 አምፔር በላይ ይጠይቃል። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይህን አንድ ሰዓት አይችልም። ሁለትና ከዚያ በላይ ትልልቅ ባትሪ ለሌለው ሰው ትርፉ ዋጋው ብቻ ነው። ሌላም አለ፦ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሁለቱም ይቆማሉ። ሰከላ ግሽ ዓባይ ላይ እያሉ ቢቆም መብራትም ቻርጅም የለም። ኮንቨርተርና ኢንቨርተር ለየብቻ መሆናቸውን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው።

የመኪና ባትሪ መሙያ ትንሿን ቻርጀር ለጊዜው መጠቀም አይከለከልም። ፍሪጁና መብራቱ እየሠሩ ባትሪውን እንድትሞላ ግን አይጠበቅባትም።

ከአሜሪካ የመጣ መኪና ያለው ሰው ይጠንቀቅ። የእሱ ኮንቨርተር 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ ሶኬት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። በቀጥታ ከሰኩት ያበቃል። ማውረጃ ትራንስፎርመር ቢያስገቡ ስዊቺንጉ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ የድሮው ባለ ብረት ትራንስፎርመር ግን በ50 ኸርዝ ከመጠን በላይ ይሞቃል። ኮንቨርተሩ አርጅቶ የሚቀየር ከሆነ በቀጥታ ባለ 220 መግጠም ይቀላል። እንዲህ ያለው መኪና «ኮንቨርተሩ ሞተ» ተብሎ ሲመጣ ግን በመጀመሪያ የማየው ፊውዞቹን ነው። ባትሪ ሲቀየር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ለአፍታ ከተገለበጡ የመከላከያ ፊውዞቹ ይቃጠላሉ፤ ኮንቨርተሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

ሊቲየም ባትሪ የገዙ ወይም ሊገዙ ያሰቡ ከሆነ የሊቲየም ምርጫ ያለውን ኮንቨርተር ብቻ ይውሰዱ። የአሲዱ ፕሮግራም አንዳንዴ የባትሪውን ሴሎች ለማመጣጠን ብሎ ቮልቴጁን ከ15 በላይ ያወጣል፤ ሊቲየም ይህን አይወድም። ከዜሮ ዲግሪ በታችም ቻርጅ መደረግ የለበትም። ባሕር ዳር ላይ ይህ አያሳስብም። ጮቄ ላይ ከ4,000 ሜትር ተጠግቶ ለሚያድር ሰው ግን የሌሊቱ ውርጭ ቀልድ አይደለም፤ ባትሪውን ከመኝታው ክፍል ውስጥ ያስገቡት።

ስለ ከፍታ ካነሳን፣ የብዙ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መግለጫ የሚናገረው እስከ 2,000 ሜትር ነው። ደብረ ማርቆስ ራሷ ከዚያ በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው የሚያቀዘቅዘው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኮንቨርተሩን ከልብስ ሳጥን ሥር አይቅበሩት። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ ሙቀቱ በተራው ይጠብቅዎታል። በየአቅጣጫው አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ ይተዉለት።

የመረጡትን ሲያስገጥሙ ገመዱን አይርሱ። ከኮንቨርተሩ እስከ ባትሪው አራት ሜትር ቢሆን፣ ባለ 6 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ በ30 አምፔር 0.7 ቮልት ያህል ይበላል። 14.4 ቮልት ከፍለው 13.7 ይደርሳል፤ ወደ አሮጌው ተመለሱ ማለት ነው። በባለ 16 ግን ጉድለቱ 0.26 ብቻ ነው። ለሾፌሩ መኪና ኮንቨርተሩን ከባትሪው አንድ ሜትር ላይ አስጠግተን በባለ 16 አሰርነው፤ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ ጨመርን። ማታ ሞልቶ ሲለካ 13.6 አለ፤ ጠዋት በመጣሁ ጊዜም ያው 13.6 ነበር።