ዕቅዴን የሰረዙልኝ ቲቸር

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ከወራት በፊት ነው። ሰነፍኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ታናሹ ልጄ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ክርና ማስመሪያ ይዞ የበሩ መቃን ላይ ሲንጠላጠል ሳየው፣ ከዚህ በላይ ማዘግየት ነውር መሰለኝ።

ልጆቼ 10 እና 12 ዓመታቸው ነው። ቤት ውስጥ ነው የምናስተምራቸው። ሂሳብና ቋንቋ እንደምንም ይሄድልናል። ሳይንስ ግን አልሆነልንም ነበር። መጀመሪያ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ጥቅል ገዛን። ሥዕሉ ያምራል፣ ሳጥኑ ያምራል። ችግሩ የእያንዳንዱ ሙከራ ውጤት ገጹን ሲገልጡ ተጽፎ ይገኛል። ታዲያ ለምን ይሞክሩት? በሦስተኛው ሳምንት ትልቋ መልሱን ገልብጣ አመጣችልኝ። አልፈረድኩባትም።

ከዚያ ራሴ ላውጣው አልኩ። ሦስት ሌሊት ተቀምጬ የ36 ሳምንት ዕቅድ ሠራሁ። በየሳምንቱ አዲስ ርዕስ። ሴል፣ እሳተ ገሞራ፣ ኤሌክትሪክ፣ ፕላኔቶች፣ ማግኔት፣ ያልከተትኩት የለም። ልቤ ውልቅ እስኪል ነው የለፋሁበት። ቲቸርን አንድ ወዳጃችን ያገናኘን በዚህ መሃል ነው። ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህርት ናቸው። አሁን እንደ እኛ ላሉ ወላጆች የዓመት ዕቅድ በማውጣት ያግዛሉ።

ወረቀቴን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አወጡና መሰረዝ ጀመሩ። ሲጨርሱ ከ36ቱ የተረፈው 9 ነበር። «ልጄ፣ ይሄ የመጽሐፍ ማውጫ ነው። ልጆቹ መቼ ነው የሚያስቡት?» አሉኝ። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም።

ቀጥለው ልጆቹን ጠሩና የሚገርማቸውን ነገር ጠየቋቸው። ታናሹ «ጨረቃ ቀን ቀን የት ትሄዳለች?» አለ። ትልቋ ደግሞ «ዛፍ ያን ሁሉ እንጨት ከየት ያመጣዋል?» አለች። ቲቸር ሁለቱንም ጥያቄ ጽፈው ያዙ። የዓመቱ ዕቅድ የተገነባው በእነሱ ላይ ነው።

የጨረቃው ጉዳይ በዚያው ቀን ተጀመረ። ጨረቃ ከሙሉ ወደ ሙሉ ለመመለስ 29 ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። ደመና ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ጊዜ የሚበላ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ይጀመራል፣ ሌላው ትምህርት ከጎኑ ይሄዳል። ታናሹ በየቀኑ ያያትን እየሳለ ቆየ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሰማይ ላይ ሲያገኛት የጮኸው ጩኸት ጎረቤት አስደነገጠ። ለጥያቄው መልሱን ራሱ አገኘው።

የፔንዱለሙ፣ ማለትም ከላይ ታስሮ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ነገር፣ ሳምንት ግን ይለያል። ክር፣ ጫፉ ላይ የታሰረ ብሎን፣ የስልክ ሰዓት፣ በቃ። ቲቸር መጀመሪያ ግምታቸውን በእስክሪብቶ አስጻፏቸው፤ በእርሳስ አይፈቅዱም፣ ላጲስ ታማኝነትን ያበላሻል ባይ ናቸው። ሁለቱም ከባዱ ብሎን ቶሎ ይመላለሳል ብለው ጻፉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው ሕጉ። ክብደቱን ቀየሩ፣ ጊዜው ፍንክች አላለም። ከዚያ የክሩን ርዝመት መቀየር ጀመሩ። በ1 ሜትር ክር አሥር ምልልስ 20 ሰከንድ ያህል ወሰደ። ትልቋ ክሩን በግማሽ ብናሳጥረው 10 ሰከንድ ይሆናል አለች። 14 ሆነባት። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ያው 14። ተናደደች፣ ከዚያ እያሳጠረች ሄደችና 25 ሳንቲሜትር ላይ 10 ሰከንድን አገኘችው። ጊዜው በግማሽ እንዲቀንስ ክሩ ወደ ሩብ መውረድ አለበት ማለት ነው። ይህን ማንም አልነገራትም። እኔም አላውቀውም ነበር።

ስለ ዕፅዋት ያለውን ክፍል እኔ መጀመሪያ ላይ አድርጌው ነበር። ቲቸር ወደ መጨረሻ ወሰዱት። ምክንያታቸው ገባኝ። አየር ክብደት እንዳለው፣ ቁስ አካል በደቃቅ ቅንጣቶች እንደተሠራ ያልጨበጠ ልጅ ብርሃን አስተፃምሮን (ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራበትን መንገድ) ሸምድዶ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ መለካት ቀደመ፣ ከዚያ መሟሟትና መትነን፣ ከዚያ ጋዝ፣ ከዚያ ተክል።

እዚያ ሲደርሱ ቫን ሄልሞንት የሚባል የድሮ ተመራማሪ ታሪክ ነገሯቸው። በ1648 የታተመ ሙከራ ነው። ሰውዬው 90 ኪሎ ገደማ ደረቅ አፈር መዝኖ ከ2 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አምስት ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ76 ኪሎ በላይ ሆነ፣ አፈሩ የቀነሰው 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ዛፉ የተሠራው ከውኃ ነው ብሎ ደመደመ። ቲቸር እዚህ ላይ አቆሙና «ምን ዘነጋ?» ብለው ዝም አሉ። ትልቋ ስለ ጋዝ የጻፈችውን ደብተር ገልጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እስክትል ድረስ አልተነፈሱም። የሚያስቀው ደግሞ «ጋዝ» የሚለውን ቃል የፈጠረው ራሱ ቫን ሄልሞንት መሆኑ ነው!

እኔም አልተረፍኩም። በጋና ክረምት የሚመጡት መሬት ለፀሐይ ስትቀርብና ስትርቅ ነው ብዬ ለልጆቹ አስተምሬ ነበር። ቲቸር አላሳፈሩኝም። መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ እንደሆነ ነገሩኝና፣ «ያኔ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ወቅቱ ምንድን ነው?» አሉኝ። ቅዝቃዜ ነዋ። ማታ በኳስና በባትሪ መብራት፣ ጉዳዩ የመሬት ዘንግ 23.5 ዲግሪ ማዘንበሉ እንደሆነ ለልጆቹ አሳየሁና ስህተቴን አረምኩ። ልጆቹ እኔ ስሳሳት እንዴት እንደተደሰቱ ባያችሁ።

አንድ ቀን ደግሞ የጽዳት ዕቃ የምናስቀምጥበትን ቁምሳጥን ከፍተው አዩ። በረኪናና ኮምጣጤ ጎን ለጎን ነበሩ። ለያዩልን። ሁለቱ ከተቀላቀሉ መርዛማው ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሙከራ የሚወድ ልጅ ያለበት ቤት ይህን ይወቅ።

እንከንም አላቸው። መልእክት ቶሎ አይመልሱም። ዕቅዱን በእጅ ነው የሚጽፉት፣ ጽሁፋቸውን ለማንበብ አንዳንዴ ልጆቹ ያግዙኛል። በየሳምንቱ ፈተናና ነጥብ ለምትፈልጉ አይሆኑም። ልጁን ተረክበው የሚያስተምሩላችሁም አይደሉም፤ መጀመሪያ ሁለቴ ያገኟችኋል፣ ከዚያ በወር አንዴ ደብተሩን እያዩ ያስተካክላሉ። የቀረው ሥራ የእናንተ ነው። ልጆቻችሁ ዕድሜያቸው ቢለያይም ችግር የለም። የእኛዎቹ አንድ ሙከራ ላይ ነው የሚሠሩት፤ ትንሹ ይለካል ይስላል፣ ትልቋ ግራፍ ታወጣለች፣ ልኬቱ ለምን እንደሚዋዥቅ ታብራራለች።

ቲቸር፣ ስምዎን እንዳልጠራ ስላስጠነቀቁኝ አልጠራሁም። ግን ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። እኔ አሁን በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ብሎን ላውርድ። ሁለቴ ግንባሬን መቶኛል።