በጀጎል ውስጥ የስፌት ትምህርት፦ ከአራት ቅዳሜዎች በኋላ

ክረምቱ ወጥቶ መፀው ሲገባ፣ ማለትም ከመስከረም 26 በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ የድሬዳዋ ሙቀት ትንሽ ይበርዳል፤ ይሁን እንጂ ዘንድሮ የዕረፍት ቀኔን ቤት ተቀምጬ ማሳለፍ አልፈለግሁም። ስለዚህ በጥቅምት አራት ቅዳሜዎችን በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት እየወጣሁ፣ ማሽላው ሲያፈራ በመስኮት እያየሁ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ በአንድ የሐረሪ ቤት የሚሰጠውን የሣር ስፌት ትምህርት ተከታተልሁ። ቤቱ በሩ ላይ ምንም ማስታወቂያ የለውም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚያወርደውና ስሙን ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ባገኘው በመኪና ግርግር መንገድ ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ስጠይቅ ግን አንድ ልጅ እስከ በሩ ድረስ አደረሰኝ።

ትምህርቱ የሚሰጠው ሐረሪዎች ጊዲር ጋር በሚሉት ዋና ክፍል ውስጥ ነው። መቀመጫዎቹ ከፍ ዝቅ ተደርገው የተሠሩ መደቦች ሲሆኑ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ተሸፍኗል። ግድግዳው ለጌጥ ብቻ የተንቆጠቆጠ መስሎኝ ነበር፤ መማሪያ መጽሐፋችን እርሱ መሆኑን ያወቅሁት መምህርታችን ስለ አንድ ጥለት በጠየቅናቸው ቁጥር መልሱን በጣታቸው ወደዚያ ሲያመለክቱን ነው።

መምህርታችን በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ እናት ናቸው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ ያለቀው መነሻውን፣ ማለትም ከጥፍር እምብዛም የማይበልጠውን መካከለኛ ክብ፣ በመሥራት ብቻ ነበር። ሣሩ ውኃ ውስጥ ተነክሮ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይጠብቃል፤ ከደረቀ ይሰበራል፣ ከመጠን በላይ ከራሰ ደግሞ በኋላ ሲደርቅ ይሰልልና ስፌቱ ይላላል። ጥቂት ዘለላ በአንድነት ተይዞ ይጠቀለላል፣ በወስፌ ይበሳል፣ የሚጠመጠመው ሣር በቀዳዳው ሾልኮ ሳይዘገይ ይሳባል፤ ቀዳዳው ተመልሶ ከተዘጋ እንደገና መብሳት ግድ ነው። እናቴ የሰፋችው ሞሰብ ቤታችን ስላለና አክርማና ስንደዶ የሚሉትን የሣር ስሞች ከልጅነቴ ስለማውቅ፣ እጄም የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ሥራዬን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አነሡትና “ልጄ፣ በዚህ በኩል ፀሐይ ይገባል” ብለው ሁለት ሙሉ ዙር ፈቱብኝ። በዚያች ሰዓት ቅር ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም። ነገር ግን ይህን ትምህርት ለሌላ ሰው እንድጠቁም ያደረገኝ ይኸው መፍታታቸው ነው፤ ጎብኚን በአንድ ሰዓት አስደስቶ በመሸኘትና ሙያ በማስተማር መካከል ያለው ልዩነት እዚያ ላይ ታየኝ።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ሣሩና አለላው፣ ማለትም ቀለም የተነከረው ሣር፣ ከትምህርቱ ዋጋ ውጭ እንደሚከፈልባቸው የተነገረኝ በመጨረሻው ቀን ሒሳብ ስጠይቅ ነው፤ ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም አስቀድሞ መነገር ነበረበት። ቀዩ አለላ በእርጥብ ጣት ሲነካ ቀለሙን ይለቃል፤ ነጭ ነጠላ ለብሼ የሄድሁበት ሦስተኛው ቅዳሜ ምስክር ነው፣ እድፉም እስካሁን አልለቀቀም። ሦስት ሰዓት ተብሎ የተቀጠረውም ትምህርት አንድ ቀን እንኳ ከአራት ሰዓት በፊት ተጀምሮ አያውቅም፤ እርግጥ የሚቀርበው ቡና መጠበቁን ያስረሳል።

ተዘጋጅተው ከሚሸጡት ስፌቶች መካከል በሣር የተሠሩትን ብቻ እመርጣለሁ። በሰው ሠራሽ ክር የተሰፉትም ከጎናቸው ተደርድረዋል፤ ቀለማቸው ደማቅ ቢሆንም ሲነኩ ይለሰልሳሉ፣ ቅርጻቸውም አይጸናም። የሚገዛ ሰው ፊቱን ብቻ አይቶ ባይወስን መልካም ነው፤ በደንብ የተሰፋ ሥራ ሲገለበጥ የሣሩ ጫፎች ተሸሽገው ታገኛቸዋለህ፣ ተቸኩሎ የተሠራው ግን ከሥሩ እንደ ያልተላጨ ጺም ይቆረቁራል።

የአራቱ ቅዳሜዎች ክፍያ ሣሩን ጨምሮ ለመመላለሻ ካወጣሁት ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ከድሬዳዋ ለሚመጣ ሰው ከወጪው ግማሽ ያህሉ መንገዱ ነው። መደቡ ላይ ሲውሉ ወገብ ስለሚያም ትንሽ ትራስ፣ የቤቱ ወስፌዎች ስለደነዙ ደግሞ የራስን ወስፌ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። የእኔ ሥራ እስካሁን የስኒ ማስቀመጫ ያህላል፤ ሙዳይ እንዲሆን ታስቦ ነበር የተጀመረው። ለኅዳር ሁለት ቅዳሜዎች አስይዣለሁ፣ በዚህ ጊዜ ግን የምለብሰው ጥቁር ነው።