ግራን ቱሪስሞ 7ን ለወራት ከነዳሁ በኋላ፦ የሙሉው ተከታታይ ደረጃ በእኔ ሚዛን

የመኪና ውድድር ቪዲዮ ጌም የሆነውን ግራን ቱሪስሞ 7ን በፕሌይስቴሽን 5 ላይ መንዳት ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። በመካከሉ የቆዩትን ክፍሎችም እያወጣሁ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ነድቻቸዋለሁ። ስለዚህ የአንድ ጌም ግምገማ ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ በ1997 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የተጀመረው ተከታታይ በእኔ ዓይን እንዴት እንደሚሰለፍም እናገራለሁ። ውጤቱን አስቀድሜ ላውጣው፦ አንደኛ 4ኛው ክፍል፣ ሁለተኛ 7ኛው፣ ሦስተኛ 2ኛው። ሌሎቹን በየቦታቸው እመጣባቸዋለሁ።

ደረጃ ሲወጣ ብዙ ሰው የሚያየው የመኪናውን ብዛትና የምስሉን ጥራት ነው። እኔ የማየው ጌሙ ደካማ መኪና አስይዞ ምን ያህል እንደሚያቆየኝ ነው። ፈጣን መኪና የነጂውን ጉድለት ይሸፍናል፤ መታጠፊያ ላይ የባከነውን ፍጥነት ቀጥታው ላይ በሞተሩ ጉልበት ይመልሰዋል። አቅም የሌላት መኪና ግን አንዴ የባከነ ፍጥነት አትመልስም። ፍሬን የት እንደሚያዝ፣ እግር መቼ ከፍሬን እንደሚነሳ፣ መሪ ምን ያህል እንደሚዞር በግድ ታስተምራለች። የተከታታዩ አባት ካዙኖሪ ያማውቺ ከመጀመሪያው ክፍል አንስቶ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ያስገባው ይህን አስቦ ይመስለኛል። ደግሞም ትምህርቱ የውሸት አይደለም። በጂቲ አካዳሚ ውድድር ከጌም ተመልምሎ የወጣው ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኜዝ በ2011 በፈረንሳዩ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር በለ ማን፣ ኤልኤምፒ2 በተባለው ምድብ ሁለተኛ ከወጣው ቡድን ጋር መድረክ ላይ ቆሟል።

በዚህ ሚዛን 7ኛው ክፍል አነዳዱ ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ይህን ለማየት ውድ መኪና አያስፈልግም። የ1989ኗን ዩኖስ ሮድስተር ይዞ ወደ ሱኩባ መግባት ይበቃል። መኪናዋ 120 የፈረስ ጉልበት ነው ያላት፤ ትራኩም ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጨረሻው መታጠፊያ ወደ ቀኝ የሚሄድ ረጅም ቅስት ነው። ፍሬኑን በአንዴ ለቅቄ መሪውን ካዞርኩ አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይሸሻል። ቀስ በቀስ እየለቀቅኩ ከገባሁ ግን ክብደቷ የፊት ጎማዎቹ ላይ ተጭኖ ይቆይና ወደ ውስጥ ትታጠፋለች፤ የኋላዋም በትንሹ ይንሸራተትና መውጫው ላይ ቀጥ ያደርጋታል። ኮንትሮለሩ ይህን ሁሉ ለጣት ይናገራል። ጎማ ሊቆለፍ ሲል የፍሬኑ ማስፈንጠሪያ በጣቴ ስር እየተንቀጠቀጠ ይገፋኛል፤ ፍሬን መብዛቱን ከምስሉና ከድምፁ በፊት በጣቴ አውቃለሁ። መሪና ፔዳል መግዛት ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዝናቡ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ስፓ በተባለው የቤልጂየም ትራክ ላይ ረጅም ውድድር ስገባ ዓይኔ ከመንገዱ እኩል የዝናብ ራዳሩን ያያል። ደመናው እየቀረበ ነው፤ ጎማ ልቀይር ወይስ አንድ ዙር ልታገስ? ዝናቡ ሲያባራ መንገዱ በአንዴ አይደርቅም። መኪኖች በሚመላለሱበት መስመር ላይ ውሃው እየተበተነ ጠባብ ደረቅ መንገድ ይከፈታል፤ ከእሱ በግማሽ ሜትር የወጣ ጎማ ግን የቆመ ውሃ ላይ ያርፋል። ኢንተርሚዲየት የሚባለውን፣ ለቀላል እርጥበት የሚሆነውን ጎማ ይዤ በዚያ መስመር ላይ ጎማው እንዳይግል እየተጠነቀቅኩ፣ ቀጥታው ላይ ስደርስ ሆን ብዬ ወደ እርጥቡ እየወጣሁ ጎማውን የማቀዘቅዝባቸው ዙሮች በዚህ ጌም ውስጥ ካሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ የምወዳቸው ናቸው። ከቀደሙት ክፍሎች አንዱም ዝናብን በዚህ ጥልቀት አላሳየም።

ታዲያ ለምን ሁለተኛ ሆነ? በካፌው ምክንያት። የ7ኛው ክፍል የጉዞ መስመር የሚመራው ካፌ ውስጥ በሚሰጡ ሜኑዎች ነው። በመጀመሪያው ሜኑ ከአነስተኛዎቹ የጃፓን መኪኖች ከቶዮታ አኳ፣ ከማዝዳ ደሚዮና ከሆንዳ ፊት አንዷን መርጦ ይገዛል፤ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ሜኑዎች ሦስት መኪና ሰብስብ ይላሉ፤ ውድድሩን ስጨርስ መኪናው በሽልማት ይሰጠኛል። የመጀመሪያ መኪናዬን ገና ሳላውቃት ጋራዡ ይሞላል። ዘይት ልቀይርላት፣ ጎማ ላሻሽልላት፣ ተርቦ ልጨምርላት ብዬ የማስብበት ጊዜ የለም፤ ሌላ ቁልፍ ተሰጥቶኛል። ስለ መኪኖቹ ታሪክ ካፌው ውስጥ የሚነገረው በፍቅር የተሠራ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ስለ መኪና መስማት ከመኪናዋ ጋር መኖርን አይተካም። 39ኛው ሜኑ ላይ የማጠናቀቂያው ጽሑፍ ሲያልፍ ገና መማር የጀመርኩ ያህል ነበር የተሰማኝ።

የውድድሩ አሰላለፍም ያናድደኛል። አብዛኞቹ ውድድሮች የሚጀምሩት መኪኖቹ ቆመው ሳይሆን አስቀድመው እየሄዱ ነው። እኔ ከኋላ እነሳለሁ፣ ከፊት የሚመራው ነጂ በጣም ርቆ ሄዷል፤ ሥራዬ በጥቂት ዙር ሁሉንም አልፎ እሱ ላይ መድረስ ብቻ ይሆናል። ጎማ ለጎማ የሚደረግ ፉክክር የለም፣ ማሳደድ እንጂ። መፍትሔው እዚያው ጌሙ ውስጥ መኖሩ ደግሞ የበለጠ ያስቆጫል። በየካቲት 2022 የኔቸር መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣችው ሶፊ የተባለችው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአፕዴት ስትገባ ፉክክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከጎኔ ቦታ ትተውልኛለች፣ ውስጡን ከዘጋሁባት በውጭ ትሞክራለች፣ ፍሬን ካዘገየሁ መውጫው ላይ ትቀጣኛለች። ዋናው ጉዞ በሙሉ በእሷ ቢሆን ኖሮ ደረጃውን እንደገና አስብበት ነበር።

ክሬዲት ስለሚባለው የጌሙ ገንዘብ ብዙ ተብሏል። በመጋቢት 2022 አንድ አፕዴት ሰርቨሩን ከአንድ ቀን በላይ ዘግቶ፣ የብዙ ውድድሮችን ሽልማትም ቀንሶ ነበር። ቁጣው ሲበዛ አዘጋጆቹ ይቅርታ ጠይቀው ለተጫዋቾች አንድ ሚሊዮን ክሬዲት ሰጡ፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ ሽልማቶቹን ከፍ አደረጉ። አሁን ያለው ሁኔታ የሚያኖር ነው። ለ ማን ላይ ግማሽ ሰዓት ያለ ግጭት ነድቶ ያሸነፈ 825,000 ክሬዲት ይዞ ይወጣል። ሆኖም የሚሊዮኖች ዋጋ ያላት ታሪካዊ መኪና ስትመጣ ያንኑ ውድድር ደግሞ ደጋግሞ መንዳት ግድ ነው። ለ ማንን እወዳለሁ፤ ለገንዘብ ብቻ ብዬ ስገባበት ግን ፍቅሩ ይቀንሳል።

አሁን ወደ አንደኛው። 4ኛው ክፍል ጃፓን ውስጥ የወጣው በታህሳስ 2004 መጨረሻ ነው፤ ከ700 በላይ መኪና በአንድ ፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ ላይ። ዛሬ ሲታይ ጉድለቱ አይደበቅም። ሜዳ ላይ ስድስት መኪና ብቻ ነው ያለው፣ ግጭት አያሳይም፣ የኋላ ጎማን ማንሸራተት እንደልብ አይፈቅድም፣ የሞተሩም ድምፅ ቀጭን ነው። ሆኖም በ10,000 ክሬዲት ያስጀምራል፤ በዚያ ገንዘብ ያገለገለች መኪና ገዝቶ ከእሷ ጋር መክረም ነው። መንጃ ፈቃድ ሳይወጣ ብዙው በር ዝግ ነው። አንዲት ውድድር ያሸነፍኩበት ሽልማት ለአንድ ጭስ ማውጫ ወይም ለአንድ ስብስብ ጎማ ይበቃል፤ ጎማው ሲቀየር ልዩነቱን እስከ አጥንቴ አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም ያለ እሱ ብዙ ነድቻለሁ።

የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ ረጅም ትራክ ኖርድሽላይፈ ወደ ተከታታዩ የገባውም በዚህ ክፍል ነው። 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን ይህን ትራክ በደካማ መኪና መማር በዚህ ዘውግ ውስጥ ከማውቀው ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው። ፉክስረሬ የተባለው የትራኩ ክፍል ቁልቁለት ነው፤ ደካማ መኪናም እዚያ ፈጣን ትሆናለች። ታች ደርሳ ሽቅብ ስትዞር ግን አደናወር ፎርስት የተባለው ጠባብ የግራ-ቀኝ መታጠፊያ ከጉብታው ጀርባ ተደብቆ ይጠብቃል። ፍሬኑን ለመያዝ መታጠፊያውን እስካይ ከጠበቅኩ አልቆልኛል፤ ቦታውን በልቤ ማወቅ አለብኝ። ካሩሰል በተባለው መታጠፊያ ላይ የግራ ጎማዎቹን በሲሚንቶ የተሠራው ተዳፋት ውስጥ ካላስገባሁ መኪናዋ ወደ ውጭ ትጣላለች፤ ካስገባኋቸው ግን እንደ ሐዲድ ይዞ ያዞራታል። እነዚህን ሁሉ በ4ኛው ክፍል የተማረ ሰው 7ኛው ላይ ያንኑ ትራክ ሲከፍት እጁ ቀድሞ ያውቀዋል።

የ24 ሰዓት ውድድሮቹም እዚያው አሉ፤ የኑርቡርግሪንግና የለ ማን። በመካከል አስቀምጦ መውጣት አይቻልም። ሲደክም መሪውን ቢ-ስፔክ ለሚባለው በኮምፒውተር ለሚንቀሳቀስ ነጂ አስረክቦ፣ ፍጥነትህን ጨምር፣ ጎማ ቀይር እያሉ ከዳር ማዘዝ ግን ይቻላል። 7ኛው በ2022 ሲወጣ ይህን ያህል ረጅም ውድድር አልነበረውም፤ ለእኔ ጉድለቱ ከሁሉ የገዘፈ ነው።

2ኛው ክፍል በታህሳስ 1999 ሁለት ዲስክ ሆኖ ወጣ፤ ከ600 በላይ መኪና ይዞ። የቅርጹ ሻካራነት ዛሬ ዓይን ያደክማል። ጥንካሬው ለተራ መኪና የሰጠው ክብር ነው። ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው የቤተሰብ መኪኖች የራሳቸው ውድድር አላቸው። የአቧራ መንገድ ውድድርም የተጀመረው እዚህ ነው፤ ወደ 1000 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋው የሱዙኪ ኤስኩዶ ፓይክስ ፒክ ስሙን ያገኘውም እዚሁ ነው። መምከር ከተፈቀደልኝ፣ ኤስኩዶው ጋራዥ ውስጥ ይቆይ፤ እሱ ከገባ በኋላ ጌሙ ውስጥ የቀረ ጥያቄ የለም።

አራተኛ ያደረግኩት በ2017 የወጣውን ግራን ቱሪስሞ ስፖርትን ነው፤ ብዙዎች እንደማይስማሙ አውቃለሁ። ሲወጣ መኪናው ጥቂት ነበር፣ የብቻ ጉዞውም ሳሳ ያለ። ግን ሰውን ከሰው ጋር በሥርዓት ማወዳደርን ያስተማረው እሱ ነው። የነጂው ፍጥነት አንድ ደረጃ፣ ጨዋነቱ ሌላ ደረጃ ይሰጠዋል። የሚገጭ ሰው ከሚገጩ ጋር ይመደባል፤ ቦታ የሚተው ከሚተዉ ጋር። 7ኛው ላይ በየሳምንቱ ኦንላይን የማገኛቸው ጥሩ ፉክክሮች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው።

አምስተኛው የመጀመሪያው ነው፤ አባት በመሆኑ ሳይሆን ዛሬም ስለሚነዳ። ስድስተኛው 3ኛው ክፍል ነው። በ2001 ወጥቶ ወደ 15 ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠው ይህ ክፍል ከተከታታዩ ሁሉ በሽያጭ ይመራል፤ ምስሉም በዘመኑ አፍ ያስከፍት ነበር። ነገር ግን ሽልማቱን በዕጣ ይሰጣል። ዕጣው ደህና መኪና ሲያወጣልኝ ሳልለፋበት እበልጣለሁ፣ በሚዛኔም የሚያወርደው ይህ ነው።

5ኛውና 6ኛው መጨረሻ ላይ ናቸው። በ2010 የወጣው 5ኛው ከ1000 በላይ መኪና ቆጥሮ አመጣ፤ ነገር ግን ከ200 ጥቂት የሚበልጡት ብቻ ናቸው ውስጣቸው ድረስ በአዲስ የተሠሩት። ሌሎቹ ከቀድሞዎቹ ክፍሎች የመጡ በመሆናቸው አንዱን ከሌላው አጠገብ ሳቆም የሁለት ዘመን ጌም አንድ ሜዳ ላይ የማይ ይመስለኛል። 6ኛው ያንን ክፍተት አለሳልሶታል፣ በጨረቃ ላይም አስነድቶኛል፤ ተመልሼ የምሄድበት ምክንያት ግን አልተወልኝም። በ2009 በእጅ ለሚያዘው ማጫወቻ ለፒኤስፒ የወጣው ክፍል የጉዞ መስመር ስለሌለው ከደረጃው ውጭ አድርጌዋለሁ።

7ኛውን ለመግዛት ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ጌሙ ለአብዛኛው ክፍሉ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ኔትወርኩ ከተቋረጠ ካፌውም ጋራዡም ይዘጋሉ። የ6ኛው ኦንላይን አገልግሎት በመጋቢት 2018፣ የስፖርት ደግሞ በጥር 2024 መጨረሻ ተዘግቷል፤ የዚህም ተራ መድረሱ አይቀርም። ስፖርት ከመዘጋቱ በፊት ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራና እንዲያስቀምጥ የሚያደርግ አፕዴት ተሰጥቶታል። ለ7ኛውም ያው እንዲደረግ አዘጋጆቹ ከአሁኑ ቃል ቢገቡ ደስ ይለኛል፤ ሮድስተሯ ላይ ያፈሰስኩት ጊዜ በሰርቨር መዘጋት እንዲጠፋ አልፈልግም።