ማቪክ 3 ቴርማል በባሌ ተራሮች፦ ኒያላ ለመቁጠር ሁለት በጋ ሠርቼበት ያየሁት

ይህን ድሮን የገዛሁት ለአንድ ሥራ ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዲንሾ አጠገብ ባለው የጋይሳይ ሜዳና በዙሪያው ባሉ ኮረብቶች ላይ የደጋ አጋዘንን፣ በተለምዶ ኒያላ የምንለውን፣ ለመቁጠር። ሁለት በጋና በመሀሉ ያለውን ክረምት ሠርቼበታለሁ። ለሰርግ ቀረጻ ወይም ለመሬት ቅየሳ ለሚፈልገው ሰው የምለው ብዙ የለኝም። የዱር እንስሳ ሊቆጥርበት ላሰበ ግን ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ሜዳው ገላጣ፣ ሰዓቱ ትክክለኛ፣ አጠገቡም በእግር የሚቆጥር ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ካለ ለወጣበት ገንዘብ የሚበቃ መሣሪያ ነው። ብቻውን ሲሠራ የሚሰጠው ቁጥር ግን ያያቸውን እንጂ በቦታው ያሉትን አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ካልተለካ ቆጠራ ተካሄደ ለማለት ይከብደኛል።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለ። ኒያላ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም፤ ያለውም በአብዛኛው በባሌና በአርሲ በኩል ባሉት ደጋዎች ነው። በሳይንስ ስም የተሰጠው በ1910 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከትልልቆቹ የአፍሪካ አጋዘኖች ዘግይቶ የተመዘገበ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በጋይሳይ አካባቢ ክፉኛ ተገድሎ ቁጥሩ አሽቆልቁሎ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ስላለው ብዛቱ የሚጠቀሰው ግምት ከ1,500 እስከ 4,000 ይዘረጋል። ከታችኛው እስከ ላይኛው ከእጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ባለ ሰፊ ግምት ውስጥ ዝርያው እየጨመረ ይሁን እየቀነሰ በጊዜ ማወቅ አይቻልም። እኔን ወደ ድሮን የወሰደኝ ይህ ነው።

ስለ ዕቃው ራሱ በአጭሩ። ክብደቱ 920 ግራም ነው፤ በጀርባ ቦርሳ ይዞ ኮረብታ መውጣት አይከብድም። ሦስት ካሜራ አለው፦ 48 ሜጋፒክስል ሰፊ ካሜራ፣ ሩቅ የሚያቀርብ ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ እና 640 በ512 ፒክስል የሙቀት ካሜራ። በአምራቹ መግለጫ እስከ 6,000 ሜትር ከፍታ ካለው ቦታ መነሳት ስለሚችል የባሌ ከፍታ ከአቅሙ በላይ አይደለም። በአየር ላይ የመቆያ ጊዜው 45 ደቂቃ ተብሎ የተጻፈው ነፋስ በሌለበት ሁኔታ ተለክቶ ነው። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ወለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በፍጥነት መሽከርከር አለበት፣ ባትሪውም በዚያው ልክ ይበላል። ስለዚህ እኔ ሥራዬን የማቅደው በ30 ደቂቃ ነው፤ የቀረው ለመመለሻና ላልታሰበ ነፋስ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ሂሳብ እንግባ፤ ከመግዛታችሁ በፊት እንድታሰሉት የምመክረው ይህን ነው። ከ90 ሜትር ከፍታ ላይ የሙቀት ካሜራው አንድ ፒክስል መሬት ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ የምስሉ ስፋት 76 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ኒያላ 16 ፒክስል ያህል ይይዛል ማለት ነው። ይህ ለማየት ይበቃል፣ ለመለየትም በአብዛኛው ይበቃል። ሪድባክ የሚባለው ከኒያላ ያነሰ አጋዘን ወደ አሥር ፒክስል ይወርዳል። የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ የሆነው የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ደግሞ ሁለት ፒክስል ብቻ ስለሚሆን በዚህ ከፍታ እሱን ለመቁጠር ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። የሙቀት ምስሉን በስክሪን ላይ ማጉላት ፒክስሉን ያሰፋዋል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርበትም።

በሰከንድ 5 ሜትር እየበረርኩ በ30 ደቂቃ 9 ኪሎ ሜትር እሸፍናለሁ። ይህ በ76 ሜትር ስፋት ሲባዛ 0.7 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፓርኩ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለሥራው የሚመቸው ሰዓት አጭር ስለሆነ በአንድ ጠዋት በሦስት ባትሪ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ከሸፈንኩ ጥሩ ቀን ነበር እላለሁ። ስለዚህ "ፓርኩን በድሮን ቆጠርን" የሚል ሪፖርት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛውን ክፍል፣ በምን አመራረጥ የሚለውን ነው። እኛ የበረራ መስመሮቹን አስቀድመን በካርታ ላይ እኩል አራርቀን እናሰምራለን፤ የመጀመሪያው መስመር የሚያርፍበት ቦታ በዕጣ ይወጣል። እንስሳ ይበዛበታል ወዳልነው ቦታ ብቻ እየበረርን ውጤቱን በሙሉው መሬት ብናባዛው ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይነፋል።

ሰዓቱን በሚመለከት ድርድር የለም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። በበጋ ሌሊቱ ጥርት ያለ ሲሆን መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲለቅ አድሮ ሳሩ ውርጭ ይለብሳል፤ በዚያ ቀዝቃዛ መሬት ላይ የእንስሳው ሙቀት ጎልቶ ይወጣል። ፀሐይ ኮረብታውን ስትነካ ግን ነገሩ በፍጥነት ይለወጣል። ድንጋይ ይሞቃል፣ ፍልፈል ቆፍሮ ያወጣው ጥቁር አፈር ከሳሩ ቀድሞ ይሞቃል፣ ስክሪኑም እንስሳ በሚመስሉ ነጥቦች ይሞላል። ረፋዱ ላይ ደግሞ የመሬቱና የእንስሳው ሙቀት የሚስተካከልበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ከፊታችሁ የቆመ ኒያላ እንኳ በሙቀት ካሜራው ሊጠፋ ይችላል። በክረምት ጉሙም ዝናቡም ሙቀቱን ይውጠዋል፣ የረጠበ ፀጉርም ቀዝቅዞ ይታያል። የክረምት በረራዬን ውጤት ከበጋው ጋር ለማወዳደር አልደፍርም። ሁለቱ በአንድ መለኪያ የተለኩ አይደሉም።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር የሙቀት ካሜራ የሚያየው የውጭውን ገጽ ብቻ መሆኑ ነው። ኒያላ ለደጋ ብርድ የተፈጠረ፣ ፀጉሩ ወፍራም እንስሳ ነው፤ ፀጉሩ ሙቀቱን ውስጥ ስለሚይዝበት ጀርባው ከጠበቅሁት በላይ ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። ብሩህ ሆነው የሚወጡት ፊቱ፣ ጆሮውና እግሩ ናቸው። ከርከሮ በተቃራኒው ፀጉሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ከጉድጓዱ በወጣባት ደቂቃ እንደ ፍም ያበራል። ከጉድጓዱ ካልወጣ ደግሞ ጭራሽ የለም። ስለዚህ በአንድ በረራ ላይ ከርከሮ ከኒያላ በዝቶ ቢታይ በዝቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ዝርያ የመታየቱ ዕድል የተለያየ ነው።

ጋይሳይ ላይ ትልቁ ፈተና የቤት ከብት ነው። ላም፣ ፈረስና በግ በአካባቢው ሞልቷል፤ ከላይ ሲታይ የተኛች ጥጃ ከተኛች ሴት ኒያላ ብዙም አትለይም። የሚረዳን የአካባቢውን ኑሮ ማወቅ ነው። ጎህ ሲቀድ ከብቱ በአብዛኛው በረት ውስጥ ተጠጋግቶ ነው፤ ፈረሱ ሜዳ ላይ ቆሞ ያድራል፤ ኒያላ ጭቁኝ ቁጥቋጦ ውስጥ ይተኛል። ይህን ያስተማሩኝ ዲንሾ ተወልደው ያደጉ ስካውቶች ናቸው። በረት የሚከፈትበትን ሰዓት የማያውቅ ሰው ይህን ምስል በትክክል ሊያነበው አይችልም። ብርሃን ሲመጣ ሩቅ አቅራቢው ካሜራ በጣም ይጠቅማል፤ ቀንድ ያለውን ወንድ ከሴቷ የምንለየው በእሱ ነው። ወንድና ሴት ያልለየ ቆጠራ ስለ መንጋው የመዋለድ አቅም ብዙም አይናገርም።

የዛፍ ጥላ ያለበት ቦታ ሲደርስ ድሮኑ ይሸነፋል። የዲንሾ ጥድና ኮሶ ሥር የተኛውን ኒያላ ቅጠሉ ይሸፍነዋል፤ ሙቀት በቅጠል ውስጥ አያልፍም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ የአውስትራሊያ ሙከራ አለ፦ ተመራማሪዎች አደላይድ ባሕር ዳርቻ ላይ ቁጥራቸው የታወቀ የፕላስቲክ ዳክዬዎች ደርድረው ሲያወዳድሩ በድሮን ምስል የተደረገው ቆጠራ መሬት ላይ ቆመው ከቆጠሩት ባለሙያዎች የተሻለ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የፕላስቲክ ዳክዬ አሸዋ ላይ አይደበቅም። ያንን ማስረጃ ጠቅሶ በጭቁኝና በጥድ ውስጥ ላለ እንስሳ "ድሮን ይሻላል" ማለት ትክክል አይደለም።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ድሮኑ በሚበርበት ጠዋት ሁለት ስካውቶች በዚያው መስመር ላይ ለየብቻቸው ይቆጥራሉ፤ ያዩበትን ቦታና ሰዓት በጂፒኤስ ይመዘግባሉ። ከዚያ የድሮኑንና የስካውቶቹን መዝገብ እናስተያያለን። ለምሳሌ ያህል፣ ድሮኑ 40 አይቶ፣ ስካውቶቹ 30 አይተው፣ ሁለቱም ያዩዋቸው 24 ቢሆኑ፣ 40 በ30 ተባዝቶ ለ24 ሲካፈል 50 ይሆናል። ድሮኑ ከአምስቱ አንዱን ስቷል፤ ስካውቶቹም ከአምስቱ ሁለቱን። ሁለቱም ያላዩዋቸው እንዳሉ የሚነግረን ይህ ንጽጽር ብቻ ነው። ጥልቅ ጥላ ውስጥ የተኙት ግን ከሁለቱም ስለሚሰወሩ በእንዲህ ያለው ሂሳብም ቢሆን ቁጥሩ ወደ ታች ያደላል። ጥቅጥቅ ያለውን ደን ከሜዳው ለይተን የምንመዘግበው ለዚህ ነው።

ከበረራ በኋላ ያለው የቢሮ ሥራ ከበረራው እጅግ ይረዝማል። ምስሎቹን አንድ በአንድ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚቻል ከሆነ ሁለት ሰው፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ። ሙቅ ነጥቦችን በራሱ የሚያወጣ ሶፍትዌር አለ። በሊቨርፑል ጆን ሙርስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክና የሥነ ምህዳር ተመራማሪዎች በቀዝቃዛ ሰማይ ላይ ከዋክብትን ለመለየት የተሠራውን ዘዴ ለእንስሳ እንዳዋሉት ሳነብ ተደስቼ ነበር፤ አካሄዱ ትልቅ ተስፋ አለው። በእኛ ሜዳ ግን በግን ከሪድባክ የሚለየው እስካሁን የሰው ዓይን ነው። ሶፍትዌሩ ነጥቡን እንዲጠቁም እናደርጋለን፣ የሚፈርደው ግን ሰው ነው።

ስለ እንስሳቱ ሰላምም ላንሳ። ከ300 ሜትር በላይ ርቀን ተነስተን በ90 ሜትር ስናልፍ ኒያላዎቹ ጆሮ ያቀናሉ፤ አብዛኞቹ ከተኙበት አይነሱም። ዝቅ ስንል ግን መንጋው ይንቀሳቀሳል። የተንቀሳቀሰ መንጋ ደግሞ ወደ ሚቀጥለው መስመር ገብቶ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ ዝቅ ብሎ መብረር እንስሳውንም ቆጠራውንም ይጎዳል። ንስሮችና ጭልፊቶች ፀሐይ ሞቅ ስትል ስለሚነሱ በማለዳ መጨረሱ ለእነሱም ለድሮኑም ይሻላል። በፓርኩ ከፍተኛ አምባ በሳነቲ ላይ፣ በቀይ ቀበሮ ክልል አላበርርም። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ጎልማሶች ያሉት እንስሳ ነው፤ መንጋዎቹ በእግርና በፈረስ በሚሄዱ ባለሙያዎች አንድ በአንድ ይታወቃሉ። ድሮን የሚጨምርላቸው ነገር አይታየኝም።

የሙቀት ካሜራ ሰውንም ያያል። እረኛውን፣ እንጨት ለቅማ የምትመለሰዋን እናት፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ የቆመውን አባወራ። በሀገራችን ለብዙ ሰው ድሮን ማለት ጦርነት ነው፤ ያንን ድምፅ በንጋት መስማት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ማሰብ ግዴታችን ነው። ከመብረራችን በፊት ለሽማግሌዎቹ እንነግራለን፣ ዕቃውን እናሳያለን፣ ልጆቹም በሪሞቱ ስክሪን ያያሉ። ሰው ያለበትን ምስል ለማንም አሳልፈን አንሰጥም፣ እንሰርዘዋለን። ለቆጠራ የመጣ ድሮን ሰው መከታተያ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ኒያላ እውነቱን የሚነግረን ጎረቤት አናገኝም። በዚህ ላይ አቋሜ የማይናወጥ ነው።

ለመግዛት ለቆረጣችሁ ጥቂት ተግባራዊ ነገሮች። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ለማስገባትም ለመጠቀምም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይሁንታ አለበት። ወረቀቱን ሳትጨርሱ ዕቃውን አትግዙ፣ በዘመድ ሻንጣም አታስመጡ። ባትሪው 77 ዋት ሰዓት ስለሆነ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ነው። ከ5 ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፤ የዲንሾ ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ማታ ቤት ውስጥ ሞልቼ ጠዋት ጋቢ ውስጥ ጠቅልዬ እወስደዋለሁ። መብራት ስለሚጠፋ ከመኪና የሚሞላ ቻርጀር ያዙ። ባትሪ ከአራት ባያንስ ጥሩ ነው። ኮረብታ ላይ ከሆነ የምትሠሩት የመሬቱን ከፍታ የሚያሳይ ካርታ ጭናችሁ ድሮኑ ተዳፋቱን እየተከተለ እንዲበር አድርጉት፤ አለበለዚያ በአንዱ ጫፍ 90 ሜትር የነበረው በሌላው ጫፍ 40 ይሆናል፣ የምስሉም ስፋት አብሮ ይቀየራል።

በጀታችሁ ለድሮኑና ለስካውቶቹ አበል በአንድነት ካልበቃ የስካውቶቹን አበል አስቀድሙ፤ ድሮኑን በቆጠራው ሰሞን ካለው ተቋም በውሰት ጠይቁ።