5600፣ 12400ኤፍ ወይስ 7500ኤፍ? ከሰሜን ሸዋ ሆኖ የጌም ፕሮሰሰር መምረጥ

አነስ ባለ በጀት የጌም ኮምፒውተር ሲታሰብ ሦስት ፕሮሰሰሮች ስማቸው ደጋግሞ ይነሳል። የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600፣ የኢንቴሉ ኮር አይ5 12400ኤፍ፣ አሁንም የኤኤምዲው ራይዘን 5 7500ኤፍ። ሦስቱም 6 ኮር (ራሱን ችሎ የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) እና 12 ትሬድ (ባንዴ የሚያስኬዱት የሥራ መስመር) አላቸው። ሦስቱም በራሳቸው ምስል አያወጡም፤ ግራፊክስ ካርድ ካልሰካችሁ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ካርዱን ቆይቼ እገዛለሁ የምትሉ 5600ጂን እዩት፣ የራሱ ግራፊክስ አለው። ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማህደረ ትውስታ) ግን 16 ሜጋባይት ነው፣ የ5600 ግማሽ። በኋላ ካርድ ሲገባለት ጌም ላይ ይታወቅበታል።

እኛ ጋ ዕቃው በአብዛኛው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አንድ ነገር ከተበላሸ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተመልሶ መውረድ አለ፤ ከመሀል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ከሆነማ አይነሳ። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን ብቻውን ሳይሆን ከነማዘርቦርዱ አወዳድሩት። ከዓመታት በኋላ ቦርዱን ሳትቀይሩ የተሻለ ፕሮሰሰር ይቀበላችኋል ወይ? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

5600 የሚሰካው ኤኤም4 በሚባለው ሶኬት (ቦርዱ ላይ ያለው የፕሮሰሰር መሰኪያ) ላይ ነው። ሶኬቱ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላለ ቦርዱም ዲዲአር4 የሚባለው የቀደመው ትውልድ ራምም ያገለገለ በየቦታው ይገኛል። ወደፊት 96 ሜጋባይት ካሽ ያለውን 5800ኤክስ3ዲ ማስገባት ይቻላል፣ ካገኛችሁት። አሁን ስለማይመረት ያገለገለ ማደን ነው።

የ5600 ጣጣው እግሩ ነው። ከ1,300 በላይ ቀጫጭን እግሮች ከፕሮሰሰሩ ከራሱ ሥር ተተክለዋል። ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት በመሀላቸው የተቀባውና የደረቀው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ነቅሎ ይዞት ሊወጣ ይችላል። ከመንቀላችሁ በፊት ከባድ ጌም ከፍታችሁ አሙቁት። ከዚያ አጥፉትና ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ላላ ሲል አንሱት። ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ገልብጡትና በስልክ መብራት ከጎን እዩት። ከሰልፍ የወጣች እግር ካለች ዋጋ አትከራከሩ፣ ሌላ አምጣልኝ በሉ።

ቦርዱ የቆየ ቢ450 (አንዱ የኤኤም4 ቦርድ ዓይነት) ከሆነም ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ሳይታደስ 5600ን ላያውቀው ይችላል። ባዮስ እየታደሰ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ይችላል፤ የእኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሱቁ እዚያው አድሶ፣ አብርቶ ያሳያችሁ።

12400ኤፍ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። እግሮቹ ቦርዱ ላይ ናቸው፣ ርካሹ ኤች610 ቦርድም ይበቃዋል። ዲዲአር4 የሚወስድ ቦርድ ምረጡ። ጌም ላይ ከ5600 ጋር ጎን ለጎን ነው፣ ልዩነቱን በዓይን አትለዩትም። ማሳደጊያው ግን እንደ 5600ው የተዘጋ መንገድ ነው፤ ሶኬቱ ከ14ኛው ትውልድ አያልፍም። ከፍ ያሉት የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ቺፖች ደግሞ በቮልቴጅ ችግር ሲበላሹ ቆይተው ኢንቴል በ2024 እ.ኤ.አ. የባዮስ ማስተካከያ አውጥቶላቸዋል። ቀድሞ የተጎዳውን ቺፕ ማስተካከያው አያድነውም። ያገለገለ አይ7 13700ኬ በርካሽ ቢቀርብላችሁ ጠርጥሩ። 12ኛው ትውልድ ከዚህ ነፃ ነው።

7500ኤፍ በፍጥነት ሁለቱንም ይበልጣል። ኤኤም5 ላይ ነው የሚሰካው፤ ኤኤምዲ ይህን ሶኬት ቢያንስ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. እንደሚደግፍ ተናግሯል። መቆየት ካላችሁ እውነተኛው መቆየት ይሄ ነው። ዋጋውን የሚያንረው ዲዲአር5 ብቻ መቀበሉ ነው። ያለ ካርቶን የሚሸጠውም ማቀዝቀዣ የለውም፤ ያንንም ሒሳብ ውስጥ አስገቡ።

የኔ ምርጫ? ብሩ ከደረሰ 7500ኤፍ። ለእሱ ብላችሁ ግራፊክስ ካርዱን አንድ ደረጃ የምታወርዱ ከሆነ ግን ተዉት፣ 12400ኤፍ ያዙ። 5600 ኤኤም4 ቦርድ እጁ ላይ ላለው ሰው ነው።

ስለ ሙቀት ብዙ አትጨነቁ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋን ሙቀት የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል፣ ብርዱ ግን ያካክሰዋል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ግን ሌላ ነው። 12400ኤፍ ሲጨናነቅ እስከ 117 ዋት ስለሚስብ ከካርቶኑ የሚወጣውን ማቀዝቀዣ ትታችሁ ረዘም ያለ የማማ ዓይነት ግዙለት።

ያገለገለ የቢሮ ዴል ወይም ኤችፒ ከነአይ7ቱ በርካሽ ሲቀርብ ያጓጓል። 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ከሆነ ግን ዊንዶውስ 11 ዝርዝሩ ውስጥ አያስገባውም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድ እንኳ የለውም። ለቆዩ ጌሞች ይሁን፤ ለረጅም ዓመት ግን አልመክርም።

የምትገዙትን ከወሰናችሁና ሱቁ ከገጠመላችሁ፣ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ግራፊክስ ካርዱን አስነቅላችሁ ለብቻው በካርቶኑ ያዙት። ከባድ ካርድ ጉድጓድ በመታ ቁጥር ማዘርቦርዱን ይጎትታል።