የሲክ ቤተ መንግሥት ሥዕል፦ በወፍራም የውሃ ቀለም ወይስ በስስ?

በሕንድ ክፍለ አህጉር የፑንጃብ ንጉሥ (ማሃራጃ) የነበረውን፣ የሲክ ሃይማኖት ተከታዩን የራንጂት ሲንግን (የነገሠው እ.ኤ.አ. 1801–1839) የላሆር ቤተ መንግሥት ሥዕሎች የወደደ ሰው ራሱ ልሞክር ሲል ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል።

ወፍራሙ የአገሬው ሠዓሊዎች መንገድ ነው። ቀለሙ ከሙጫ ጋር ይለወስና ወረቀቱን ይሸፍናል። ስሱ ደግሞ ወረቀቱ ከሥሩ የሚታይበት፣ እንደ እንግሊዛዊቷ ኤሚሊ ኢደን ያሉ ተጓዦች የያዙት ነው። እሷ በ1838 ፑንጃብ ደርሳ ራንጂት ሲንግን ሥላዋለች።

ወጪ፦ ስሱ ይረክሳል። ወፍራሙ ተደራርቦ የተለጠፈ ወረቀት፣ ማለስለሻ ድንጋይና በጣም ቀጭን ብሩሽ ይፈልጋል። ወርቅ ከተጨመረ አስቡት።

ስህተት፦ እዚህ ላይ ወፍራሙን እመርጣለሁ። የተበላሸውን በላዩ ደርበህ ታስተካክላለህ። በስሱ ብርሃኑ የወረቀቱ ንጣት ስለሆነ፣ አንዴ ከጠቆረ መመለሱ ከባድ ነው።

ጊዜ፦ ስሱ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ወፍራሙ ቀናት ይወስዳል።

መልክ፦ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ራንጂት ሲንግ በፈንጣጣ ግራ ዓይኑን አጥቷል። ብዙ ሠዓሊዎች በጎን በኩል፣ ደህና ዓይኑ በሚታይበት ወገን ሣሉት። ጥርት ያለውን የፊት መስመር፣ የጢሙን እያንዳንዱን ፀጉር፣ የዕንቁውን ነጭ ነጥብ የሚያወጣው ወፍራሙ ነው። የጥምጥም ጨርቅ ልስላሴና የቆዳ ጥላ ግን በስሱ ሕይወት ያገኛል።

ጌጥና ማዕረግ ለማሳየት፣ ትዕግሥትም ካለህ፣ ወፍራሙን ያዝ። ሰው ከፊትህ ተቀምጦ ከሆነ፣ ወይም መንገድ ላይ ከሆንክ፣ ስሱ ይሻልሃል።