ልጄ ሦስት ዓመት የተማረችበት የግል ትምህርት ቤት፦ የአንድ ወላጅ ግምገማ

ክረምት በገባ ቁጥር ወዳጆቼና የሥራ ባልደረቦቼ ልጆቻቸውን የት እንደሚያስመዘግቡ ሲጠይቁኝ፣ ሴት ልጄ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ስለተማረችበት የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ያለኝን ሐሳብ በጥቂት ቃል መናገር እያቃተኝ ቆይቷል። ጥሩ ነው ብል ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል፤ አይረባም ብል ደግሞ በየማለዳው በር ላይ ቆመው ልጆችን በስማቸው እየጠሩ የሚቀበሉትን መምህራን መበደል ነው። ስለዚህ ነገሩን በጽሑፍ ዘርዘር አድርጌ ማስቀመጥ መረጥሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ልጆቻቸውን ሌላ ቦታ ከሚያስተምሩ ወላጆች ጋር ስንጨዋወት የእኔ ቅሬታ የእነሱም ሆኖ ስላገኘሁት፣ አንዱን ለይቶ ማሳጣት ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የሚመሰገንበትን ላስቀድም። ግቢው ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት እንኳ መጸዳጃ ቤቱ በበርሜል በተጠራቀመ ውሃ ይታጠባል። በአንድ ክፍል የሚቀመጡት 35 ተማሪዎች ናቸው። የሰርቪሱ ረዳት ልጅን ለማታውቀው ሰው አትሰጥም፤ አንድ ቀን ወንድሜን ብልከው እኔ በስልክ እስካረጋግጥላት ድረስ በር ላይ አቁማዋለች፤ እሱ ቢቆጣም እኔ ደስ ብሎኛል። በክፍል ውስጥ ዱላ የለም። ኩርኩምና አለንጋ ቀምሰን፣ ተንበርክከን ያደግን ሰዎች ያን ዘመን በናፍቆት ስናነሣ ብዙ ጊዜ ራሳችንን እንደምንዋሽ ስለማውቅ፣ ይህን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ። ክፍያው በየዓመቱ ይጨምራል፤ ምዝገባው፣ ዩኒፎርሙና መጽሐፉ ተደምሮ መስከረም ለእኛ ቤት ከባድ ወር ነው፤ በዚህ ግን ከሌሎቹ የተለየ አይደለም።

ለወላጅ የሚሸጠው ዋናው ዕቃ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔም የገዛሁት እሱን ነበር። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ተደንግጓል፤ ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ግን የመንግሥቱን መጽሐፍ ለቁጥጥር፣ ከውጭ የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለትምህርት ይይዛሉ። የልጄ ቦርሳ ከጀርባዋ የሚሰፋው ሁለቱንም ስለምትሸከም ነው። ሒሳቡ በእንግሊዝኛ፣ ሳይንሱ በእንግሊዝኛ፣ ሥዕሉ ሳይቀር በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ እንደ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓይነት በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ተሰጥቶት፣ ብዙውን ጊዜ ልጆቹ ከደከሙ በኋላ ከምሳ ወዲያ ይገባል።

ችግሩን መጀመሪያ ያየሁት ሱቅ ልኬያት ነው። ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ሳሙናና ክብሪት እንድትገዛ 100 ብር ሰጥቻት ከበራችን ሃያ ርምጃ ወደማይርቀው ሱቅ ላክኋት። ባለሱቁ «ስልሳ አምስት ብር» ብሏታል። ብሩን እንደጨበጠች እየሮጠች ተመለሰችና «አባዬ፣ ስልሳ አምስት ሲክስቲ ፋይቭ ነው ሰቨንቲ ፋይቭ?» አለችኝ። ይህች ልጅ ባለሦስት አኃዝ ቁጥሮችን ታባዛለች፤ ደብተሯ በቀይ እስክሪብቶ «ቬሪ ጉድ» ተሞልቷል። ነገር ግን በሰፈሯ ገበያ ቋንቋ ከሃያ በላይ መቁጠር አትችልም ነበር፤ ስልሳና ሰባ፣ ሰማንያና ዘጠና ለእሷ የትልልቅ ሰዎች ንግግር ነበሩ። በማግስቱ ከጎረቤት ልጆች መካከል አራቱን እንደ ጨዋታ አድርጌ ጠየቅኋቸው፤ ሁሉም በየግል ትምህርት ቤቱ የሚማሩ ናቸው፤ ሰባ ዘጠኝን በትክክል የጻፈው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም አባቱ ባለሱቅ ነው።

ሁለተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። በሒሳብ ወርክሺት ላይ «ወደ ትምህርት ቤት የምትሄጂው በስንት ሰዓት ነው?» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ከሥሩ ባዶ የግድግዳ ሰዓት ተሥሏል። ልጄ አጭሩን ዘንግ 2 ላይ አሳርፋ ሣለች። የሳሎናችን ሰዓት ሰርቪሱ ጥሩምባ ሲነፋ የሚያሳየው 2 ነውና ያየችውን ነው የሣለችው። መምህርቷ በቀይ ሠርዛ 8 ላይ አስተካከለችላት። ልጄ ማታ ሰዓቱ ሥር ቆማ፣ የቤታችን ሰዓት ተበላሽቷል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የእኛ ቀን ከንጋት ጀምሮ እንደሚቆጠር፣ ፈረንጆቹ ግን ከእኩለ ሌሊት እንደሚጀምሩ፣ በመካከሉ ያለው ልዩነት 6 ሰዓት እንደሆነ ለመንገር አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ 6 መደመርና መቀነስ እንደ ጨዋታ ሆነላት። እኔን ያሳዘነኝ የነጥቡ መቀነስ አይደለም፤ ትክክል ያየችውን ነገር ስህተት ነው ተብላ፣ ጥፋቱን ከገዛ ቤቷ ግድግዳ ላይ መፈለጓ ነው።

እናቴ ለጥምቀት ከደብረ ብርሃን መጥታ በሰነበተች ጊዜ ደግሞ ማታ ማታ እንቆቅልሽ ልታስተምራት ሞከረች። «እንቆቅልሽ» ስትላት «ምን አውቅልሽ» ማለቱን በአንድ ምሽት ለመደችው። «ሁሉን ታለብሳለች፣ እሷ ግን ራቁቷን ናት» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ብታስብ ብታስብ ጠፋባትና አገር ስጪኝ ተባለች፤ ዱባይን ሰጠቻት። እናቴ ዱባይን ተቀብላ ከተንፈላሰሰችባት በኋላ መልሱ መርፌ መሆኑን ስትነግራት፣ ልጄ ፊቷን አጨማድዳ «እማማ፣ መርፌማ ሐኪም ቤት ነው ያለው» አለች። ሳቅን። በኋላ ግን እናቴ ቡናዋን እያቀረበች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይህች ልጅ እኮ እንግዳ ሆነችብኝ» ስትለኝ ሳቁ አልቆ ነበር።

ይህ ሁሉ ለእንግሊዝኛው ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነው ቢባል፣ የተገዛውን ዕቃ መመዘን ተገቢ ነው። ልጄ ጥሩ ታነባለች፤ አነጋገሯም የጠራ ነው፤ ይህን ትምህርት ቤቱ በሚገባ ሠርቷል። ነገር ግን የምታነበው ምን ያህል ይገባታል የሚለውን ማንም አይጠይቃትም። ለሳይንስ ፈተና ስትዘጋጅ ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሚለዩባቸውን ሰባት ባሕርያት በእንግሊዝኛ እንደ ውሃ ስታወርዳቸው ሰማሁና፣ በግቢያችን ያለውን የአቮካዶ ዛፍ አሳይቼ ሕይወት አለው ወይስ የለውም አልኋት። «የለውም» አለች። ለምን ብላት፣ «አይንቀሳቀስም፤ መንቀሳቀስ ደግሞ አንደኛው ነው» ብላ መለሰችልኝ። በማግስቱ ከ10 ጥያቄ 10 አግኝታ መጣች። በቃል መያዝን በራሱ እንደ ነውር አላየውም፤ አባቴ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን ተሻግሮ፣ ዳዊት የደገመ ሰው ነበር። የኔታ ግን እያንዳንዱን ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠው ሳይሰሙ ወደሚቀጥለው አያሳልፉም ነበር። በእኛ ትምህርት ቤት የሚያሳልፈው ወርክሺቱ ነው።

ወደ ካርዱ ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የምታዘበው እሱን ነውና። የ3ኛ ክፍል የዓመቱ አማካይ ውጤቷ 94.6 ነው፤ ደረጃዋ ከ35 ተማሪዎች 17ኛ። 94 ያመጣ ልጅ የክፍሉ መካከለኛ ከሆነ፣ ቁጥሩ የልጁን ዕውቀት ሳይሆን የወላጁን ደስታ እየለካ ነው ማለት ነው። ከዚህ ውጤት ውስጥ አሥሩ ነጥብ የእኔ ነው፤ የፀሐይና የፕላኔቶቿን ሞዴል ከፎምና ከሽቦ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ሳተርንን ቀለበት ሳጠልቅላት ልጄ ከተኛች ሁለት ሰዓት አልፏት ነበር። ሠርቶ የሚሸጥ የጽሕፈት መሣሪያ መደብርም በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ አለ፤ ጊዜ የሌለው ወላጅ ከዚያ ይገዛል፤ እሱም 10 ከ10 ያገኛል። እንዲህ ያለው ነጥብ ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ በአገር ደረጃ አይተነዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከወደቁት ልጆች ብዙዎቹ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ይዘው ወደ ቤት ሲገቡ የኖሩ ናቸው።

በሚያዝያ ወር ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ትሑት ሰው ናቸው፤ ቡና አስመጥተው፣ ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ስለ አማርኛው ሳነሣ፣ «እርስዎ እንዲህ ይላሉ፤ አብዛኛው ወላጅ ግን ልጁ ግቢ ውስጥ አማርኛ ሲናገር ከሰማ ደውሎ ይቆጣናል» አሉኝ። ይህን ማስተባበል አልቻልሁም፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሳስመዘግባት እኔም የጠየቅሁት የመጀመሪያው ጥያቄ «ቋንቋው እንዴት ነው?» የሚል ነበር፤ ቋንቋ ስል አማርኛን ማለቴ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ ስለ ጠባይ ተነጋገርን። ልጄ በዚያ ሰሞን ለቤት ሠራተኛችን በትእዛዝ መናገር ጀምራ ነበር፤ እንግዳ ሲገባም ከሶፋው አትነሣም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ገብቷል፤ ፈተና ሲቃረብ ግን ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ክለሳ እንደሚወሰድ ከልጄ ደብተር አይቻለሁ፤ ከመጋቢት በኋላ አንድ ገጽ እንኳ አልተጻፈበትም። ይህን ስነግራቸው ፈገግ ብለው «ሥነ ምግባር እኮ የቤት ሥራ ነው» አሉኝ።

ቀልዱ ገባኝ፤ ስወጣ ግን አብሮኝ ወጣ። እኔና ባለቤቴ ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ወጥተን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው የምንገባው። በዚያ መካከል ልጃችን ከሠራተኛችንና ከስልክ ጋር ናት። ስልኩን የሰጠናት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ወርክሺቱን በቴሌግራም ስለሚልክ ነው፤ ወርክሺቱ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል፤ የቀረውን ሁለት ሰዓት ቪዲዮ ይወስደዋል። ድሮ ልጅ መንገድ ላይ ቢያጠፋ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይገሥጸው ነበር፤ «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ስድብም የሚያርፈው ከልጁ ይልቅ በአሳዳጊው ላይ ነበር። አሁን ትምህርት ቤቱ ቤት ይመክራታል ብሎ ያስባል፤ እኛ ደግሞ ይህን ያህል ገንዘብ የምንከፍለው ትምህርት ቤቱ እንዲመክርልን ነው ብለን አስበን ነበር።

ለፍትሕ ያህል ከዚያ ውይይት በኋላ የተለወጠውንም ልናገር። ወርክሺት በወረቀት እንዲሰጠን ላቀረብነው ጥያቄ የፎቶ ኮፒ ዋጋ ከፍለን እንድንወስድ ተፈቅዶልናል፤ ስልኩ ከልጄ እጅ ወጥቷል። የአማርኛ መምህሯ በራሷ ተነሣሽነት በክፍለ ጊዜዋ መጨረሻ ላይ የሱቅ ጨዋታ ጀምራለች፤ አንዱ ልጅ ሻጭ፣ ሌላው ገዢ ሆኖ፣ ዋጋው ሁሉ በአማርኛ ይነገራል። የፕሮጀክት ሥራ በክፍል ውስጥ ይሠራ ያልነው ግን ተቀባይነት አላገኘም፤ የተሰጠን ምክንያት ለወላጆች በዓል የሚታይ ጥሩ ዕቃ አይኖርም የሚል ነው።

ትምህርት ቤቱን ለማን እመክራለሁ? ከወላጆቹ አንዱ ከሰዓት በኋላ ቤት ለሚገኝ፣ ወይም አያት አብራ ለምትኖርበት ቤት፣ ያለ ማመንታት። ደኅንነቱና ንጽሕናው ከክፍያው ጋር ይመጣጠናል፤ የንባብ መሠረቱም ጥሩ ነው። እንደኛ ቤት ላለ ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ አማርኛ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜና በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ የግብረ ገብ ደብተር ካለፈው ዓመት ተማሪ አስመጥታችሁ እስከ የት እንደተጻፈበት፣ ከዚያም የክፍሉ የመጨረሻ ተማሪ አማካይ ውጤት ስንት እንደሆነ። በልጄ ክፍል 35ኛ የወጣው ልጅ 83 ነበረው።

የሚቀጥለውን ዓመት የምዝገባ ክፍያ ባለፈው ሰኞ ፈጽሜያለሁ። ከገንዘብ ያዥዋ መስኮት ፊት ተሰልፌ ሳለሁ ልጄ በደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥር በአማርኛ ልታነብልኝ ሞከረች፤ ሺሁ ላይ ትንሽ ተደናቀፈች፤ ከኋላችን የቆሙት አንድ አባት አረሟት፤ ከዚያም የእሳቸውን ልጅ ያንኑ ቁጥር እንዲያነብ ጠየቁት።